የአንድሮሜዳ ጉዳይ በእድራችን አስቸኳይ ስብሰባ

እዚህ ባሕር ማዶ የካስልሪጅ ሰፈር እድራችን ከተቋቋመ ጀምሮ ስብሰባ ሳይጠራበት ያለፈ አደጋ የለም። ስለዚህ ልጄ አርያም፣ «ማሚ፣ አንድሮሜዳ የምትባል ጋላክሲ በሰከንድ መቶ አስር ኪሎ ሜትር ወደ እኛ እየመጣች ነው» ስትለኝ፣ ኃላፊነት እንደሚሰማት እናትና እንደ እድሩ ጸሐፊ ለሊቀመንበራችን ለጋሼ መኳንንት ደወልኩ። አርያም የፈለገችው ፎርም እንድፈርምላት ብቻ ነበር፤ ለሳይንስ ፕሮጀክቷ ከክፍሏ ጋር ሄዳ ጋላክሲዋን ከከተማ ውጭ በቴሌስኮፕ ፎቶ ልታነሳ። ፎቶ ከሌለ ማርክ የለም።

እሁድ ሃያ ሦስት አባላት በተገኙበት አርያም ማብራሪያ እንድትሰጥ ተጋበዘች።

«እየመጣች መሆኗ በምን ታወቀ?» አሉ ጋሼ መኳንንት።

«በብርሃኗ። የሚቀርብ ነገር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የሚርቅ ወደ ቀይ። ያንን ይለኩታል።»

«መቼ ትደርሳለች?»

«እንትን፣ ከአራት ቢሊዮን ዓመት በኋላ። ጭራሽ ላትነካንም ትችላለች።»

«‹ትችላለች›?» አሉ እትዬ ገበያነሽ ደረታቸውን ይዘው። «የሥራ ሺፍቴን ትቼ የመጣሁት ለ‹ትችላለች› ነው?»

ጥልቅ ውይይት ተደርጎ ጊዜው በቂ እንደሆነ በሙሉ ድምፅ ታመነ። እኔ ግን የከፋውን ማሰብ ልማዴ ነውና እጄን አወጣሁ።

«ለመሆኑ ቦታው ስንት ደቂቃ ያስነዳል?»

«አርባ» አለች አርያም።

«በዚህ በረዶ?»

አዳራሹ ለአራት ቢሊዮን ዓመት ያልደነገጠውን ለአርባ ደቂቃ ደነገጠ።

«እድር እያለ ልጃችን ብቻዋን አትሄድም!» አሉ ጋሼ መኳንንት። ተጨበጨበ። እኔም ፈረምኩ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ አስራ አንድ መኪኖች አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ እንደ ሙሽራ አጅበው ፎቶው የሚነሳበት ሜዳ ደረሱ። መምህሯ ሩቅ ጋላክሲ የሚታየው በጨለማ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱ።

«ልጆች በጨለማ? እኛ እያለን?» አሉ ጋሼ መኳንንት፤ ሁሉም ረጅሙን መብራት እንዲያበራ አዘዙ። ሜዳው እንደ አየር ማረፊያ ደመቀ። ሰማዩ ነጣ። መምህሯ ጥቂት ጠብቀው ቴሌስኮፑን ወደ ሳጥኑ መለሱ።

በቃለ ጉባኤው ላይ «በእድሩ ትጋት አንድሮሜዳ ከእይታ ተወግዳለች» ብዬ መዘገብኩ።

ስንመለስ አርያም ባዶውን ካሜራ እንደታቀፈች፣

«ማሚ፣» አለችኝ፣ «አንድሮሜዳ ገና አራት ቢሊዮን ዓመት ይቀራታል። እናንተ ግን ደረሳችሁ።»