ተጋጣሚ መራጩ ኦቦ ታዬ

ፑል በብር መጫወት ችሎታን ያሳድጋል ወይስ ይገድላል? አትድከሙ፤ መልሱ እኔ ጋ አለ። ያሳድጋል! ግን የትኛውን ችሎታ?

ጊንጪ ላይ ኦቦ ታዬ የሚባሉ እህል ነጋዴ አሉ። "ያለ ብር እጄ አይፈታም" ይላሉ። እኔ እንዳየሁት ግን ብር ሲያዝ የሚሠራው ዓይናቸው ነው። ጎበዝ ተጫዋች ፑል ቤቱ ከገባ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ጀማሪ ሲያዩ ወዲያው ይድናሉ። ይሄ ቀላል ሙያ መሰላችሁ?

በቀደም ከአምቦ የመጣ አውቶብስ ጎማው ፈነዳና ተሳፋሪዎቹ ወረዱ። ኦቦ ታዬ ሁሉንም እንደ ጤፍ ናሙና አገላብጠው አዩና ቀኝ እጁ በፋሻ የተጠቀለለ ወጣት መረጡ።

"ኮቱ፣ ና እንጂ ጎበዝ! ጎማው እስኪቀየር አንድ ጌም!" ብለው ብር አስያዙ።

ልጁ ለካ ግራኝ ነው! ስቲኩን ፋሻው ላይ እያንሸራተተ ኳሶቹን አንድ በአንድ ጉድጓድ ከተታቸው። ፑል ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠረጴዛውን ከበበ። ኦቦ ታዬ ተራ ሳይደርሳቸው የስቲካቸውን ጫፍ ጠመኔ እንደቀቡ ቀሩ።

ወጣቱ ሊወጣ ሲል በትህትና ጠየቃቸው።

"ጋሼ፣ በብር መጫወት ከጀመሩ ቆዩ?"

"እንዴታ! ዕድሜዬን ሙሉ!"

"ከማን ጋር?"