በሁዳዴ የተበላ አምባዛ

ሆድ ምስጢር ይጠብቃል የሚል ሰው ካለ፣ ጤና ረዳት ሆኖ ወረታ ከተማ አልሠራም ማለት ነው። ምስጢር የሚጠብቀው አፍ ነው። ሆድማ ሲከፋው ጎረቤት እስኪሰማ ይናገራል።

በደርግ ጊዜ፣ በአንዱ ሁዳዴ፣ ከፎገራ ሜዳ መንደሮች በአንዷ ሰው ሁሉ በተቅማጥና በትኩሳት ይማቅቅ ጀመር፤ እኔም ምንጩን ፈልግ ተብዬ ተላክሁ። የርብ ወንዝ በበጋ ሲጎድል ሜዳው ላይ ጥሎት የሚሄድ ኩሬ አለ፤ ውሃው አረንጓዴ፣ አምባዛ የሚሉት ዓሣ ግን በእጅ የሚታፈስ። ወዲያው ጠረጠርሁና ቤት ለቤት እየዞርሁ፣ ዓሣ በልታችሁ እንደሆነ ጠየቅሁ።

"ጓድ ሐኪም፣ በሁዳዴ? ክርስቲያን አይደለነም እንዴ!" አሉኝ፣ ሆዳቸውን ይዘው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ደጃፉ ላይ ድመት የዓሣ አጥንት የምትቆረጥምበት ሰውዬ እንኳ ድመቷን "የጎረቤት ናት" ብሎ ካዳት።

ዓሣ ካልተበላ እንግዲህ ጥፋተኛው ውሃው ነው። መንደሩ የሚጠጣበት ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ታዲያ "ጉድጓዱ ጸረ ሕዝብ ነው፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት ይደፈናል" ብሎ ፈረደ። ሴቶቹ እንስራ አዝለው ርብ ድረስ ሊኳትኑ ነው። ይህን እያወቁ አንዲት እንኳ "በልቻለሁ" አላለችም። እኔም አዘንሁ፤ እውነቱን ለመናገር ተናደድሁም።

የመንደሩ ሁሉ ንስሐ አባት ወደሆኑት ወደ መምሬ ጥሩነህ ሄድሁ። "መምሬ፣ ማን እንደበላ እርስዎ ያውቃሉ። ይንገሩኝ፤ ጉድጓዱ ያለ ኃጢአቱ ሊቀበር ነው።"

"ልጄ፣ ንስሐ የሰማ ጆሮ አፍ የለውም" አሉኝ። ጥቂት አሰቡና፣ "ቀኖና የምሰጠው ግን እኔ ነኝ" አሉ።

ጉድጓዱ ሊደፈን በተቀጠረበት ጠዋት መድኃኒቴን ይዤ ከመንደሩ ሾላ ሥር ብቀመጥ፣ ሰልፉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይጀምራል። ቀኖናው ስግደት አልነበረም፤ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ "ዓሣ በልቻለሁ" ብሎ መድኃኒት መዋጥ ነበር። ለካ ሽታው ጎረቤት እንዳይደርስ እየተባለ አምባዛው ሳይበስል ከእሳት ይወርድ ኖሯል! ጾም ገዳፊ ሁሉ እርስ በርሱ ላለመተያየት መሬት መሬቱን ያያል። እግዜር የለም እያለ ሲሰብክ የከረመው ሊቀ መንበርም አካፋውን እንደያዘ ተሰልፏል፤ መድኃኒቱን ውጦ ሲያበቃ ጉድጓዱን ትቶ ኩሬውን በእሾህ ሊያሳጥር ሄደ።

ከሰልፉ መጨረሻ መምሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"መምሬ፣ ሊታዘቡን መጡ?" አልኋቸው።

"ምኑን እታዘባለሁ ልጄ" አሉ፣ ሆዳቸውን ይዘው፤ "እኔም ንስሐ አባት አለኝ። ትናንት ሐሙሲት ከተማ ድረስ ሄጄ ብናዘዝላቸው ይህንኑ ቀኖና ሰጡኝ።"