እትዬ ጥሩነሽ ከኢሜይላቸው አልነሣም ያሉ ጊዜ

ሰው ሰው ቤት ሲመጣ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። መልስ ካጣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አሁንም ካጣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ወግ ነዋ! ጎንደርም ገዳሪፍም ኖሬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሌባ እንኳ ውስጥ ሰው መኖሩን ካወቀ ያፍራል። ጨርሶ የማያፍር ፍጥረት የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሳይጠሩት ኢሜይል የሚልከው ሰውዬ ነው። በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ባየው ግን የምለው አላጣም።

እናንተም ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን የሟች ጄኔራል ሚስት ነኝ ይላችኋል፣ በማግስቱ ሎተሪ ደርሷችኋል ይላል፣ ደግሞ መለስ ብሎ የመላጣ መድኃኒት አለኝ ይላል። እኔ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ የምውል ሴት፣ መላጣ ልሁን ጎፈሬ እሱ በምን አወቀ? እስቲ ስለ ፈጣሪ!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ከሰፈራችን ሐበሾች መጀመሪያ ኢሜይል ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ካርቱም ሳለ ከፍቶልኝ። አንዱ ካለው ሌላው ለምን ይቸገራል? ስለዚህ አድራሻው የሁላችን ሆነ። ካናዳ ያለች እህት፣ ቤይሩት የሄደች ልጅ፣ ጁባ የከረመ ባል፣ ሁሉም በኔው አድራሻ ይጽፋል። የይለፍ ቃሉን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ምስጢር የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ብዙም አይከርምም።

ከሁሉ ይልቅ አድራሻው የሚያስፈልጋቸው እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ። ልጃቸው አዲሱ በሊቢያ በረሃ አድርጎ ባሕር እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ወራት አልፈዋል። ሲሄድ አድራሻውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ አስጠንቼዋለሁ። የእናቱ ስልክ ገበያ መሀል ተሰርቆ ቁጥሩም አብሮ ጠፍቷል። እንግዲህ ልጅ እናቱን የሚያገኝበት አንድ በር የቀረው ያ ኢሜይል ነው። በየጠዋቱ ሱቄ ደጅ ይመጡና «አንች፣ ምን አለ?» ይላሉ። «የለም እትዬ» እላለሁ። ሌላ አይጠይቁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ታዲያ ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ከደግነታቸው ብዛት ጉድ ሠሩን። ሐጂ ሰላምታ ሳይመልሱ አያድሩም። መንገድ ላይ ካገኟችሁ ከራሳችሁ ጤና ጀምረው ጥጃችሁ ጋ ሳይደርሱ አይለቋችሁም። አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ገብተው የጄኔራሉን ሚስት ኢሜይል አስነበቡ። «ውድ ወዳጄ ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሴትዮዋ ባል ሞቶባታል፣ ሰላምም ብላለች። ሐጂ ቁጭ ብለው «ወዐለይኩም ሰላም፤ አላህ ያጽናሽ፤ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብለው አስጻፉ። ከዚያ ለሎተሪው ሰው። ከዚያ ለመላጣ ሐኪሙ፤ «እኔ አልሐምዱሊላህ ፀጉር አለኝ፤ ላሰብክልኝ ግን አላህ ይስጥህ» አሉት።

መልስ የሚሰጥ ሰው ተገኘ ሲባል ማን ይቀራል? ጎረፉብን። ያኔ የኢሜይል ሳጥን እንዳሁኑ ሰፊ አልነበረም፤ ከሞላ የመጣውን ሁሉ ወደ ላኪው ይመልሳል። ነገሩ የገባን ካናዳ ያለችው እህት ለጎረቤት ደውላ «ሞልቷል እያለ ይመልስብኛል» ስትል ነው። ሚዛኔን ከነበርበሬው ለቀቅሁት። የአዲሱስ? የአዲሱም ተመልሶ ይሆን? እትዬ ጥሩነሽ ይህን ሲሰሙ ደጄ ካለው ጆንያ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

ተያይዘን ኢንተርኔት ቤት ሄድን። ባለቤቱ ኦስማን ሱዳናዊ ነው፤ ከኛ ልጆች ጋር ስላደገ አማርኛውን ከአረብኛ ጋር እያዋዛ ይናገራል። ሳጥኑን አየና «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ኻላስ! በቃ፣ ይኼን አድራሻ ተይው» አለኝ። «አዲስ እከፍትልሻለሁ፤ ንጹሕ።» ምክሩ ምክር ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

እትዬ ጥሩነሽ ግን በሩን ተደግፈው «ልጄ የሚያውቀው የትኛውን ነው?» አሉ።

«አሮጌውን ነው፣ እማማ» አለ ኦስማን።

«እንግዲያው አልነሣም።»

ገባ ብለው ወንበር ሳቡ። «ከአርማጭሆ በጦርነት ተነሣሁ» አሉ። «ከኡም ጋርጉር የስደተኛ ካምፕ ተነሥቼ እዚህ መጣሁ። እዚህም ስንት ቤት ልቀቂ ተብዬ ለቀቅሁ። አሁን ደግሞ ፊቱን የማላውቀው ሰው ከኢሜይሌ ያስነሣኝ? አላደርገውም! እሱ ይነሣ!»

እልሃቸው እኔም ላይ ተጋባ። እውነታቸውን እኮ ነው! እስከ መቼ ነው በመጣው ሁሉ ጓዛችንን የምንሸክፈው?

መላውን ያመጡት ሐጂ ናቸው፤ ጸጽቷቸው ነው መሰለኝ። «አረም አይደል?» አሉ። «ሰሊጥ ውስጥ አረም በቀለ ተብሎ እርሻው ይጣላል?» ገዳሪፍ ላለ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግማሻችን ወደዚህ አገር የገባነው የሰው ሰሊጥ ልናርም ነው። ወዲያው ደቦ ተጠራ።

ኦስማን በቀትር፣ ፀሐዩ ሰውን ከመንገድ ሲያባርር፣ አንድ ኮምፒውተር ለቀቀልን። እንጀራ ሻጯ፣ የሪክሻ ሹፌሩ፣ በመተማ በኩል ለአጨዳ የመጡ ጎበዞች ሳይቀሩ በየተራ እየገቡ ነቀሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱን የሳበው የአየር ማቀዝቀዣው ነው። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያጠፋል፣ የቀረው ከኋላ ቆሞ «ሆ!» ይላል። ኦስማን «ያ ጀማዓ፣ ቀስ!» እያለ ይለምነናል። ሐጂ መንቀል እንጂ መልስ መጻፍ ተከልክለዋል። እሳቸውም እያንዳንዱን ከማጥፋታቸው በፊት በአፋቸው «ወዐለይኩም ሰላም» ይሉትና ይነቅሉታል።

ዛሬ የነቀልነው ነገ በቅሎ ይጠብቀናል። ቢሆንም ሳጥኑ ጎደል እያለ መጣ። እትዬ ጥሩነሽ ማንበብ አይችሉም፤ በየቀትሩ ግን ከጎናችን ተቀምጠው መስኮቱን ያያሉ፤ የኮምፒውተሩን መስኮት ማለቴ ነው።

አንድ ቀትር ተራው የኔ ሆኖ ስነቅል አንዱን ላጠፋ ስል ስሙን አየሁ። የአዲሱ ስም! በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። «እማ፣ አለሁ። ትሪፖሊ ሥራ ይዣለሁ፤ ባሕሩን ትቼዋለሁ። ስጽፍልሽ ሞልቷል እያለ ስንቴ መለሰብኝ መሰለሽ። ጓደኛዬ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ግን እንዲህ ያለ አድራሻ የለም ነው ያለው። ያንች ሞልቶም ቢሆን ካለማ እናቴም አለች ብዬ እንደገና እንደገና ሞከርኩ።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉበት። እትዬ ጥሩነሽ ግን አላለቀሱም። «አላልኳችሁም?» ብለው ዞር ዞር እያሉ አዩን። ለልጃቸው የሚሉትን ሁሉ አስጻፉኝ፤ ሲጨርሱም «አሁን ደግሞ ለነዚያ ጻፊ» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለነዚያ ደጃችንን ለዘጉብን።»

«አንቱ! መልስ ካገኙ እኮ ይብሳሉ!»

«ይባሱ! ጻፊ ብያለሁ።»

እሳቸው ተናገሩ፣ ኦስማን በእንግሊዝኛ ጻፈው። «ጥሩነሽ እባላለሁ። ልጄ ዛሬ ጻፈልኝ። እናንተም የሰው ደጅ መዝጋቱን ተዉና ለእናቶቻችሁ ጻፉ። እየጠበቁ ነው።» በሳጥኑ ለተገኙት ሁሉ ላክነው።

እንዳልኩትም በማግስቱ እጥፍ ሆነው መጡ። የጄኔራሉ ሚስት ብቻ ከዚያ ወዲያ ጽፋ አታውቅም። ሐጂ «ለእናቷ እየጻፈች ነው» ይላሉ። እኔ እንዲህ ያለውን አላምንም፤ ሌላ የሚሞት ባል ፍለጋ ሄዳ ይሆናል። ብቻ እኛ እጅጌያችንን ሰብስበን፣ ማቀዝቀዣውን አስከፍተን፣ መንቀላችንን ቀጠልን።