ቀዩ ሞላ ስንት ኪሎ ነው?

ጋራዡ ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ከገባበት መካኒኩ ውጭ ቆሞ ነው የሚሠራው። ዛሬ የገባው አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ግን ብቻውን የሁለት ሰው ቦታ ይዟል። ሰፈሩ ሊቁ ይለዋል። በሥራ ቀን የጽሕፈት መሣሪያ መጋዘን ውስጥ ደብተር ይቆጥራል፤ እሑድ እሑድ ያችኑ የቤት መኪናውን ይዞ ከአማተር እሽቅድምድም ክለብ ጋር ይሮጣል። ነገ ክለቡ የቴክኒክ ኃላፊ ይመርጣል፤ ሊቁም ይህን ወንበር በጣም፣ ከሚገባው በላይ ይፈልገዋል። የቀረው አንድ ቅጽ ነው። ቅጹን ሞልቶ ማህተም የሚያደርግበት የመኪናውን ሞላ፣ ጎማው ጋ ያለውን ጠምዛዛ ብረት፣ የገጠመው መካኒክ ነው፤ መካኒኩ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነው። በእጁም በአፉም ስለማይቸኩል ዝግታ ይሉታል።

(የመኪናው የፊት ቀኝ ጎማ ወልቋል። ቀይ ሞላ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ሊቁ ቅጹን ዝግታ አፍንጫ ሥር ይዞ ክርክሩን ከጀመረ ቆይቷል።)

ሊቁ፦ አሥር ብለህ ጻፍ አልኩህ እኮ። አንድና ዜሮ። ይኼ ምኑ ያስጨንቃል?

ዝግታ፦ አሥር ምን?

ሊቁ፦ አሥር ኪሎ፣ በሚሊ ሜትር። ሞላውን አንዲት ሚሊ ሜትር ዝቅ ለማድረግ አሥር ኪሎ መጫን አለብህ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስትሠራ ይኼን አልሰማህም?

ዝግታ፦ ሰምቻለሁ። ሳልለካ ግን አልጽፍም።

ሊቁ፦ ምኑን ትለካዋለህ? ቀይ ነው እኮ።

ዝግታ፦ ቀይ መሆኑማ ይታየኛል።

ሊቁ፦ ታዲያ? የመንገድ መኪና ሞላ ጥቁር ነው፤ የእሽቅድምድም ቀይ ነው። ባለፈው ዓመት ዋንጫ የወሰደው ሰውዬ መኪና ሥር ተጋድሜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዝግታ፦ እዚያው ተጋድመህ ለካኸው?

ሊቁ፦ ሰው ዓይን የተሰጠው ለምንድን ነው?

ዝግታ፦ (ቅጹን ገልብጦ ጀርባውን እያየ) የኔ ልማድ አንድ ነው። ሞላ ሲመጣ መጭመቂያው ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደርገዋለሁ። ሚዛኑ ያለውን እጽፋለሁ። ቀለሙን ጠይቄው አላውቅም።

ሊቁ፦ እንዲህ ስለሆንክ እኮ ነው ዝግታ የሚሉህ። እኔ ሚዛን አያስፈልገኝም፤ ወገቤ ይበቃኛል። ከገጠምክልኝ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ድንጋይ ነው። አጥንት ውስጥ ይገባል።

ዝግታ፦ እህቴስ? ወገቤን አመመኝ አላለችም?

ሊቁ፦ እሷማ እንቅልፍ ወሰዳት።

ዝግታ፦ የት?

ሊቁ፦ መኪናው ውስጥ። ጠዋት ሥራ ቦታዋ ሳደርሳት፣ ያ የተቦረቦረው መንገድ ላይ።

ዝግታ፦ እዚያ መንገድ ላይ ተኛች?

ሊቁ፦ ራሷን ስታ ነው እንጂ። ጠንካራ ሞላ ሰው ያደነዝዛል። የነርቭ ጉዳይ ነው፤ አሁን ባስረዳህ አይገባህም።

ዝግታ፦ ስትነቃስ ምን አለች?

ሊቁ፦ "ደረስን እንዴ?" አለች። አየህ፣ የት እንዳለች እንኳ ጠፍቷት ነበር።

ዝግታ፦ ሌላስ ያየኸው ነገር አለ?

ሊቁ፦ ሞልቶ። ቅዳሜ ዕለት ሠላሳ እንቁላል የኋላ ወንበር ላይ አድርጌ ገበያ ደርሼ መጣሁ።

ዝግታ፦ ስንት ተሰበረ?

ሊቁ፦ አንድም አልተሰበረም።

ዝግታ፦ አንድም?

ሊቁ፦ ይኼ እንግዲህ የአነዳድ ችሎታ ነው። በዚህ ሞላ ላይ ሌላ ሰው ቢነዳ ቤቱ የሚደርሰው አስኳል ብቻ ነው።

ዝግታ፦ (ጆሮ ግንዱን በብዕሩ እያከከ) ኩርባ ላይስ እንዴት ነው? አይጋደልም?

ሊቁ፦ ይጋደላል እንጂ። እሑድ ሁለተኛው ኩርባ ላይ የጎን መስታወቱ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

ዝግታ፦ ጠንካራ ሞላ መጋደል ይቀንሳል ሲባል ነው የማውቀው።

ሊቁ፦ ሲባል። ማን ነው የሚለው? መኪናው ተጋደለ ማለት መንገዱን አቀፈ ማለት ነው። የሚጠላውን ሰው ማን ያቅፋል?

ዝግታ፦ ሰዓትህስ?

ሊቁ፦ (ጋራዡ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ) በአራት ሰከንድ አሻሻልኩ። ክለቡ አፉን ይዞ ቀረ።

ዝግታ፦ የሌሎቹስ?

ሊቁ፦ እነሱማ እንደ ፌንጣ ሲዘሉ ዋሉ። የመሮጫው አስፋልት ተጠጋግኖ ተጠጋግኖ ሜዳ የሚባል ነገር የለውም። ጉድጓድ ባገኙ ቁጥር ጎማቸው ከመሬት ይነሳል።

ዝግታ፦ ጎማ ከመሬት ከተነሳ ደግሞ መሪም ፍሬንም የለም።

ሊቁ፦ ይኸው፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ገባህ።

ዝግታ፦ የሚዘሉት እኮ ሞላቸው ስለጠነከረ ነው።

ሊቁ፦ ስላልጠነከረ ነው እንጂ። የነሱ ሰማያዊ ነው።

(ዝግታ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ቀና ብሎ ሊቁን ያየዋል፤ ደግሞ ሞላውን ያየዋል።)

ዝግታ፦ አማቼ፣ ስማኝ። ይችን ቦታ ባዶ እንተዋት።

ሊቁ፦ ባዶ? ነገ እኮ ቅጹ በአዳራሹ ፊት ይነበባል። "በሚሊ ሜትር አሥር ኪሎ" ሲባል ቤቱ ጸጥ እንዲል ነው የምፈልገው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ ሌላው ሲያወራ ሰማሁ። መጋዘን ውስጥ ደብተር ስቆጥር እውላለሁ፤ አንድም ሰው "አንተስ ምን ይመስልሃል?" ብሎኝ አያውቅም። ይችን ወንበር እፈልጋታለሁ።

ዝግታ፦ ገብቶኛል። ባዶ እንተዋት የምልህም ስለገባኝ ነው።

ሊቁ፦ እንደዚያ ከሆነ ለካው።

ዝግታ፦ ባልለካው ይሻላል።

ሊቁ፦ ሳልለካ አልጽፍም ስትል አረፈድክ፤ አሁን ደግሞ አልለካም? አንሳና አስቀምጠው። ዛሬ አንተንም መጭመቂያህንም አስተምራለሁ።

(ዝግታ በረጅሙ ተንፍሶ ሞላውን መጭመቂያው ላይ ያቆማል። እጀታውን አንድ ሁለት ጊዜ ይጫናል። ማስመሪያውን አይቶ ያቆማል።)

ዝግታ፦ አንድ ሳንቲ ሜትር። መቶ ኪሎ ማለት አለበት። አንብበው።

ሊቁ፦ ሠላሳ። (መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል) ሠላሳ።

ዝግታ፦ ለአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት ማለት ነው።

ሊቁ፦ ሚዛንህ ተበላሽቷል።

ዝግታ፦ ይሁን። አንተ ስንት ትመዝናለህ?

ሊቁ፦ ሰባ አምስት።

ዝግታ፦ (ሞላውን መሬት ላይ አቁሞ ጣውላ ይደርብበታል) ውጣበት። ትከሻዬን ያዝ።

(ሊቁ ይወጣል። ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ዝግታ ጎንበስ ብሎ ይለካል።)

ዝግታ፦ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ወረድክ። አንተ የምትለው ሞላ ቢሆን አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር።

ሊቁ፦ (እዚያው ላይ እንደቆመ) አታለሉህ። ተራ የመንገድ ሞላ ቀይ ቀብተው ሸጡልህ።

ዝግታ፦ የቀባው ሻጩ አይደለም።

ሊቁ፦ ማን ነው ታዲያ?

ዝግታ፦ እኔ ነኝ።

(ሊቁ ከጣውላው ይወርዳል። ሞላው ሽቅብ ይመለሳል፤ ሊቁ አይመለስም፤ አሮጌ ጎማ ላይ ዝርግፍ ብሎ ይቀመጣል።)

ሊቁ፦ የሚስቴ ወንድም ሆነህ?

ዝግታ፦ ወንድሟ ስለሆንኩ ነው እኮ። አንተ ሳትመጣ እሷ ቀድማ መጣች። "ባሌ ጠንካራ ሞላ ካላስገባሁ ብሏል፤ ወገቤ ደግሞ አይችለውም" አለችኝ። ቁጭ ብለን ለመንገዱም ለመሮጫውም የሚሆነውን መረጥን። መረጥን እላለሁ እንጂ የመረጠችው እሷ ናት። መሮጫውን በእግሯ ዞራ አይታዋለች፤ ጉድጓዱን ሁሉ በስልኳ አንስታ አሳየችኝ። "ከሦስት አይለፍ፤ ብቻ ቀይ ቀባልኝ" አለች።

ሊቁ፦ እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረድቼ አሳመንኳት ብዬ… እሺ ስትለኝ እኮ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ዝግታ፦ ነግራኛለች። አሳዝነሃታል።

ሊቁ፦ አራቱ ሰከንድስ?

ዝግታ፦ የሷ ናቸው።

ሊቁ፦ (ድንገት ብድግ ብሎ) አውጣው። እውነተኛውን አስገባልኝ፣ አሥሩን።

ዝግታ፦ ይቻላል። እስከ ማታ ይደርሳል። ከዚያ ከነሰማያዊዎቹ ጋር አብረህ ትዘላለህ፤ እህቴም በአውቶቡስ ትሄዳለች።

(ሊቁ ጎማ የሌለውን የመኪናውን ጎን ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሰከንዶቹን እየቆጠረ ይመስላል። ተመልሶ ይቀመጣል።)

ሊቁ፦ ተወው።

ዝግታ፦ ሦስት ልጻፍ?

ሊቁ፦ ጻፍ።

ዝግታ፦ (ይጽፋል) አንድ ቦታ ደግሞ ቀርቷል። "ሞላውን የመረጠው ሰው ስም" ይላል።

ሊቁ፦ ይኼ ደግሞ ምን ያደርግላቸዋል?

ዝግታ፦ ከሥሩ በደቃቁ ተጽፏል። "የቴክኒክ ኃላፊ የሚመረጠው በዚህ ቦታ ስማቸው ከሰፈረው መካከል ነው።" አላነበብከውም እንዴ?

ሊቁ፦ ዓይኔን ጣል አድርጌበታለሁ።

ዝግታ፦ ታዲያ ማን ልበል? እንደ ሞላው ነው፤ የማላውቀውን አልጽፍም። የማውቀውን ደግሞ አንተ እያየህ ብጽፈው ይከብደኛል።

ሊቁ፦ ሁለት ስም አይይዝም?

ዝግታ፦ መስመሯ አንድ ናት።

(ሊቁ ብዕሩን ይቀበለዋል። ወረቀቱ ላይ ያንዣብባል። የራሱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ሊጥል ሲል ይቆማል፤ ብዕሩን መልሶ ለዝግታ ይሰጠዋል።)

ሊቁ፦ የሷን ጻፍ።

(ዝግታ ይጽፋል። ማህተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል።)

ሊቁ፦ ነገ ቢመርጧትስ? እኔ ምን ሆኜ ነው እዚያ የምቀመጠው?

ዝግታ፦ (ቅጹን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ እየከተተለት) አይዞህ፣ ሥራማ አታጣም። ቀለሙን አንተ ትመርጣለህ።