ለታመመ አንቀጽ የለም

አንቀጽ ጠባቂ የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተፈጠረም። ንጉሥ ይወርዳል፣ አገር ይራባል፣ ደርግ ይመጣል፤ አንቀጽ ጠባቂው ግን መነጽሩን ወልውሎ እዚያው ወንበሩ ላይ ይገኛል። በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. የመካነ ሰላም ሰው የሚያውቃቸው እንዲህ ያሉት አንቀጽ ጠባቂ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊው አቶ አምባቸው ነበሩ። «ጤና ይስጥልኝ» ቢሏቸው እንኳ «በየትኛው አንቀጽ?» ይላሉ እየተባሉ ይታማሉ።

ጸሐፊያቸው ብዙነህ ግን ያን ሰሞን ለሐሜት ልብ አልነበረውም። የእናቱ ጎረቤት ኑርሁሴን ከወግዲ መጥቶ እማማ ሸጋዬ በተስቦ መውደቃቸውን ነግሮታል። ከዘመድ አዝማዱ ግማሹ በረሃቡ አልቋል፣ ግማሹ እህል ፍለጋ ተሰዷል፤ የቀረውም በሽታው ይጋባል ብሎ ደጃቸውን አይረግጥም። ውሃ የምታቀብላቸው የኑርሁሴን ሚስት አስያ ብቻ ነች።

«ቶሎ ድረስላቸው» አለው ኑርሁሴን፤ «አላህ ያውቃል እንጂ እኔስ እንጃ።»

ሳያስፈቅድ ቢሄድ ከሥራ ይባረራል። እናትና ልጅ በዚያ ክፉ ቀን የሚበሉት ደግሞ በእሱ ደመወዝ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አለቃው ፊት ቆመ።

«ለሞተ የሐዘን ፈቃድ አለ» አሉ አቶ አምባቸው ደንቡን እያገላበጡ። «ለታመመ ሠራተኛም አለ። ለታመመ እናት... አንቀጹ የት አለ?»

«ጌታዬ፣ እናቴ እኮ ሰው የላትም!»

«አዝናለሁ። ደግሞም ይሄ ደንብ የድሮው ነው፤ ተሽሮም ይሆናል። አዲሱ አልደረሰም።»

«ታዲያ በየትኛው ልጠይቅ?»

«በሁለቱም ጠይቅ።»

በሁለቱም ጠየቀ። ረቡዕ የመጀመሪያውን ማመልከቻ «የንጉሡ ዘመን አጻጻፍ ነው፤ ሁለታችንንም ያሳስረናል» ብለው ቀደዱት። በሁለተኛው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ከግርጌ ተጽፏል፤ «ትቅደም የተባለች አገር እንዴት ከታች ትሆናለች?» አሉ። ከላይ አድርጎ ቢያመጣው «ከአድራሻው በፊት ምን ትሠራለች?» ብለው መለሱት።

ሐሙስ የእናቱን የሐኪም ወረቀት ጠየቁት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደግሞ «በሽተኛዋን አምጣና ልጻፍልህ» አለው። በሽተኛዋን ለማምጣት መሄድ ያስፈልጋል፤ ለመሄድ ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ወረቀት፣ ለወረቀቱ በሽተኛዋ። ብዙነህ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ከየት እንደጀመረ ማስታወስ አቃተው። ዓርብ ማለዳ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ወግዲ ተነሣ።

እናቱን በሕይወት አገኛቸው። ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል፤ ትኩሳቱ ግን በረድ ብሎ ነበር።

«ሥራህስ?» አሉት።

«ፈቅደውልኛል» ብሎ ዋሸ።

እሑድ ረፋድ ላይ ከማዶ ለቅሶ ተሰማ። በአገሩ ወግ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከሩቅ ጀምሮ እያለቀሰ ነው የሚመጣው።

«ወይኔ እማማ ሸጋዬ! ወይኔ እናቴ!»

እማማ ሸጋዬ ከመደቡ ቀና አሉ። «አንተ ብዙነህ፣ ማን ሞተ?»

«እንጃ እማዬ፤ አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም።»

አስያ ሮጣ ወጣች። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሞቱም! ኧረ አታልቅሱ!»

አቶ አምባቸው ከበቅሎ ወርደው በሩ ላይ ቆሙ። ኩታቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል፤ መነጽራቸው በእንባ ርሷል።

«አልሞቱም?»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አልሞተችም» አለ ብዙነህ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

«ሳያስፈቅድ የሄደ ሠራተኛ ሐዘን ቢደርስበት ነው ብዬ የሰባት ቀን የሐዘን ፈቃድ ጻፍኩልህ። በማኅተም!»

ብዙነህ ግራ ገባው። እንባው የእውነት ነው። ከኮርቻው የሚወርደው ግን የአጥሚት ዱቄትና ከድሬሰሩ የመጣ ክኒን ነው። ለቅሶ ቤት ማን ክኒን ይዞ ይመጣል? ሰውየው አምነው ነው የመጡት ወይስ አውቀው? እስከ ዛሬም አልገባውም።

«ከደጅ ይቆዩ ጌታዬ፣ ተስቦ ነው» ቢላቸው «ዝም በል» ብለውት ገቡ። መደቡ ጫፍ ተቀምጠው የውሃውን ዋንጫ ለእማማ ሸጋዬ በገዛ እጃቸው ያዙላቸው። ብዙነህ እኚህን ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ሲያማ መኖሩ አሳፈረው፤ ወደዳቸውም።

ሊሄዱ ሲሉ የፈቃዱን ደብዳቤ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ ብዕራቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ፤ ከግርጌው አንድ መስመር ጨምረው ፈረሙና ሰጡት። ብዙነህ ሦስት ጊዜ አነበበው።

«የሐዘን ፈቃዱ ሟች እስኪሻላቸው ድረስ ተራዝሟል።»