ሞዐ በረሮ አጎቴ የመታጠቢያ ቤቱን የዋጋ ግምት ለመፍታት የዘመቱት ዘመቻ

ይሄ ግድግዳ ያ ግድግዳ አይደለም፤ ነው የሚል ሁሉ ከሶፋዬ ይነሳልኝ! ብለው አዋጅ አስነገሩ አጎቴ፣ ሞዐ በረሮ ዘእምነገደ ሶፋ፣ ሥዩመ ሪሞት፣ በዘመነ ሳፋ፣ ማለትም ሻወሩ ሞቶ ቤተሰቡ በሙሉ በሳፋ መታጠብ በጀመረበት ዘመን፣ ኮንትራክተሩ የመታጠቢያ ቤት ማደሻውን የዋጋ ግምት ጥሎልን በሄደ ማግስት። አዋጁ የወጣው በኢንጂነር ላይ ነው። ኢንጂነር የሚስታቸው ወንድም ሲሆን ምህንድስና የሚባል አልተማረም፤ አንዴ ፊውዝ እቀይራለሁ ብሎ ሰፈሩን ስላጨለመ ነው የተሾመው። ወረቀቱ ላይ «ግድግዳ ማፍረስ» የሚል አይቶ፣ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ነው፣ ብሎ በማወጁ ጦርነቱ ተነሳ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ፣ የኬክ መጋገሪያ ምድጃቸውን ያቆሙት እዚያው ግድግዳ ሥር ነው፤ ጋግረው ለየሱቁ የሚያስረክቡት ኬክ ደግሞ፣ አጎቴ ሥራ ካቆሙ ወዲህ፣ መብራቱንም፣ የሪሞቱን ባትሪም፣ የኔንም ሆድ የቻለ ነው። ግድግዳው ከፈረሰ ምድጃው ተነሳ፤ ምድጃው ከተነሳ ሁላችንም ጾማችንን ልናድር ነው። ኮንትራክተሩ በበኩሉ ነገ ጠዋት ካልፈረማችሁ ሌላ ሥራ እይዛለሁ ብሎ አውጇል።

ወእምዝ አጎቴ ወረቀቱን አነሱ፣ ገለበጡ፣ መልሰው ገለበጡ፣ መነጽራቸውንም ወለወሉ፤ ጥፋቱ ግን የመነጽሩ አልነበረም። «ሊሾ»ን ዝም ብለው አለፉ፣ «ሲፎን»ን በጀግንነት አለፉ፣ «ልዩ ልዩ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ላብ አጠመቃቸው፣ ከሁሉ ውዱ እሱ ነበራ! ደውሎ መጠየቅ እንዳይሆን ውርደት ነው፤ ሰውዬው ቆሞ ሲያስረዳ፣ ገብቶኛል፣ ገብቶኛል እያሉ ነው የሸኙት።

ስለዚህ ክተት አወጁ። በቀኝ እህቴ ካልኩሌተር ታጥቃ፣ በግራ ኢንጂነር ምንም ሳይታጠቅ፣ በኋላ እኔ ሜትር ተሸክሜ፣ ከኔም ኋላ ድመቷ ያለ ሹመት ሆነን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ዘመትን፤ ከጥበቱም የተነሳ ግማሹ ጦር ኮሪደር ላይ ቀረ። እዚያም «ባኞ» ተብሎ የተጻፈውን፣ ሰው ተጋድሞ የሚታጠብበትን ገንዳ፣ እህቴ ልኩን ከወረቀቱ እያነበበች እኔ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርኩት። ጠመኔው ያንኑ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ነክቶ ቆመ፤ ባኞው ግን ገና አላለቀም። አጎቴ ይህን ለማጣራት ቁምጣቸውን ሰብስበው፣ ክብራቸውን ኮሪደር ላይ ትተው፣ እንደ ባኞ ተጋደሙ። ራሳቸው ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጋር ተላተመ፣ እግራቸው ግድግዳውን ረገጠ፣ ጉልበታቸው ተጣጥፎ አገጫቸው ጋ መጣ። ያን ጊዜ ምስጢሩ ተገለጠላቸው፤ ባኞው እንዲገባ ግድግዳው ይወጣል!

ከወለሉ ሳይነሱም አወጁ፤ ባኞ የሚባል የለም! ሻወር ይበቃናል! የሚስቴን ምድጃ የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይንካኝ!

ሠራዊቱ እልል አለ፤ ድመቷም ሸሸች። ከዘር ማንዘራቸው ከእሳቸው በፊት የዋጋ ግምት ተረድቶ ያነበበ የለም፣ ከእሳቸውም በኋላ በጀርባው ተኝቶ የሚያነብ አይነሳም፤ ለሌላው ሰው በጭንቅላት የምትገባ ጥበብ ለእሳቸው በወገብ ገባች፤ ሞገሳቸው ከሴራሚክ ይልቅ አብረቀረቀ። ኢንጂነርም በድሉ ሰክሮ፣ ባኞ የጨመረብን ያ ሌባ ኮንትራክተር ዓይኑን እንዳላየው፣ ብሎ አወጀ።

እትዬ እስከ ክንዳቸው ዱቄት እንደሆኑ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ወለሉ ላይ የተጋደሙትን አጎቴን እያዩ ያወጁት የእሳቸው አዋጅ አጭር ነበር፤

ሰውዬውን አትስደቡት፤ ባኞውን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ግድግዳው ይፍረስ፣ ምድጃው ሳሎን ይግባ፤ ከእንግዲህ አንተ ጋግር፣ እኔ ልዘፍዘፍ።