በርበሬን ብርድ እንዳይመታው ብዬ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ራሳችሁ ያስተማራችሁት ትምህርት ተመልሶ እናንተኑ አጋልጧችሁ ያውቃል? ያውም በሃያ ሰባት ልጆች ፊት?

እኔን አጋልጦኛል!

ዛሬ ከሥራ ስመለስ አንድ ፔት ሾፕ፣ የቤት እንስሳት ሱቅ፣ ገብቼ «ኒውት አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሻጯ ገና ወጣት ናት። «እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ አይቼ አላውቅም፤ ያለ ፈቃድ ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ለምን እንደሳቅኩ ላስረዳት ፈልጌ ነበር፤ ከኋላዬ ግን ወረፋ ነበረ።

ስለዚህ እናንተ ስሙኝ።

ኒውትን ለማታውቁ፦ እንሽላሊት ይመስላል፤ ዘመድነቱ ግን ከእንቁራሪት ጋር ነው። ከጣት ብዙም አይበልጥም። ጀርባው ጥቁር ነው፤ ሆዱ እሳት የመሰለ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ውሃ ውስጥ ይኖራል። አይጮህም፣ አይናከስም። ለክፍል ከዚህ የተሻለ እንስሳ የለም!

(እሺ፣ ማስረዳት እወዳለሁ። ታውቁኛላችሁ።)

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። እዚሁ ከተማ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር አጠገብ ግሬድ ስሪ አስተምራለሁ፤ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ያኔ ኒውት በየፔት ሾፑ እንደ ቲማቲም ነበር፤ አንድ ገንዳ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ሆኖ ይተራመሳል። አንዱን ገዛሁና ለልጆቹ «ስም አውጡለት» አልኳቸው። ቤቲ የምትባል የሐበሻ ልጅ ሆዱን አይታ «በርበሬ!» አለች። በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ከዚያ ያንን ጎበዝ ትምህርቴን አስተማርኩ።

«የኒውት የሆድ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው። የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ዕድሜ ልኩንም አይለወጥም!» ልጆቹ በመስታወቱ በኩል እያዩ የበርበሬን ሆድ ነጥብ በነጥብ ሳሉ። ሃያ ሰባቱንም ሥዕል በመደዳ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በማስመሪያ ለክቼ!

ጃንዋሪ ላይ ትምህርት ቤቱ ለዊክኤንድ ሂተሩን እንደሚቀንስ ሰማሁ። መቼም እዚህ አገር ስንገባ መጀመሪያ ያስለቀሰን ብርዱ ነው። ያቺ ሚጢጢ ፍጥረት እንዴት ትችለዋለች? ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ በስትሪትካር፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ቤት ወሰድኩት። ከዚያም፣ በፍቅር፣ ሂተሩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በርበሬ አረፈ።

ኒውት ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚወደው። መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉም መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ በፊደል ተራ ተደርድሮ!

ቤት ያከራዩኝ ጋሽ ሙላቱ የሚባሉ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። ስነፋረቅ አገኙኝ።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«በርበሬ፣ ጋሼ። የክፍሌ ኒውት። ሰኞ ልጆቹን ምን እላቸዋለሁ?»

ገንዳው ውስጥ አጎንብሰው አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ለሕፃን መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም! መጀመሪያ ይሸሸጋል። ቀስ ተብሎ ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ሌላ እንገዛለና! ተነሽ፣ ኮትሽን ልበሺ።»

አትፍረዱብኝ። የአጎቴን ሞት እኔ ራሴ የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ በስልክ «ትንሽ ጉንፋን ይዞታል» እባል ነበር። የስምንት ወር ጉንፋን! ምክራቸው ትክክል መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሾፕ ገንዳው ባዶ ነበር። «አሁን ሰው የሚፈልገው ኢጓና፣ ትልቁን እንሽላሊት ነው» አሉን። ብሉር ጎዳና ላይ ያለው ደግሞ ካመጣ ወራት አልፎታል። ጋሽ ሙላቱ የታክሲውን ሬዲዮ አንስተው የአገራችንን ሹፌሮች ጠየቁ፤ «ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ቀይ፣ ያየ አለ?»

አንዱ ሹፌር በሬዲዮው፣ «ጋሼ፣ ይበላል እንዴ?»

በመጨረሻ ከከተማው ዳር ስካርቦሮ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ዘንድ ደረስን። እሳቸውም እንደኔ ማስረዳት ይወዳሉ። ኒውቱን እዚህ የሚያራባው ሰው የለም፤ ከቻይና ኩሬ እየተጠለፈ ነው የሚመጣው። አንድ ሰሞን ይትረፈረፋል፣ ከዚያ ለወራት ይጠፋል። እኔ ደግሞ ለልጆቹ «ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ አለ» ብያለሁ!

አንድ ቀርቷቸው ነበር። ከሳ ያለ።

«ቁርጥ እሱን!» አሉ ጋሽ ሙላቱ።

ሰኞ ጠዋት ገንዳውን ቦታው መልሼ ፈገግ አልኩ። ፕሪንሲፓሏ ክፍሌን ልትገመግም በር ላይ ቆማለች። ጀማሪ አስተማሪ ያላት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ልጆቹ የምትለውን ያምኗታል። ሌላ ምንም የለኝም።

ቤቲ መጣች። ሆዱን አየች። ግድግዳውን አየች። እንደገና ሆዱን አየች።

«ሚስ፣ ዳት ኢዝ ኖት በርበሬ።»

«እሱ እኮ ነው! ነጠብጣቡ ሲያድግ ይለወጣል!» አልኩ።

ሁለተኛ ውሸት። ያውም በሳይንስ ላይ!

ሃያ ሰባት ልጆች ሥዕላቸውን ከግድግዳ ላይ አወረዱ። ገንዳውን ከበው ነጥብ ቆጠሩ። «አይለወጥም ያልሽው አንቺ ነሽ!» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው። ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ።

ቤቲ ትክ ብላ አየችኝ። ምንጊዜም በእንግሊዝኛ ነበር የምታናግረኝ። ያን ቀን በአማርኛ ቀስ ብላ፣ «ሞተ እንዴ?» አለች።

አሁንም ፈገግ እንዳልኩ ነበርኩ።

«እማዬም ሰው ሲሞት እንዲህ ትስቃለች።»

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ።

ብዙ ማብራሪያ አፌ ላይ ተሰልፎ ነበር፦ ስለ ቻይና ኩሬ፣ ስለ ጉንፋኑ አጎቴ፣ ስለ መርዶ ሥርዓት። ሁሉንም ዋጥኩት። «አዎ፣ ሞተ። እኔ ነኝ ሂተር አጠገብ ያስቀመጥኩት። ከዚያም ዋሸኋችሁ» አልኩና ዝም አልኩ።

በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ!

ሦስቱ አለቀሱ። አንዱ «ይሄኛውስ ብርድ ይወዳል?» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው ገንዳውን ከሂተሩ አርቀው መስኮት ሥር አስጠጉት፤ አዲሱን ሆድም መሳል ጀመሩ። በሪሴስ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ፦ «ሚስ ኒውቱን ወደ ቤቷ መውሰድ አትችልም።» ሃያ ሰባት ፊርማ አለበት።

ፕሪንሲፓሏ ግምገማው ላይ «ተማሪዎቹ ማስረጃ መመርመር ችለዋል» ብላ ጻፈች። ስለ እኔ ምንም አልጻፈችም። ደግነቷ ነው።

ማታ ጋሽ ሙላቱ ወሬውን ሰምተው ጮኹ፤ «በአንድ ጊዜ ነገርሻቸው?! ያለ ሽማግሌ?!»

ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል «እርግጠኛ ነሽ?» ሳይለኝ አያልፍም ነበር። «እርግጠኛ ነኝ» ስላቸው ግን አመኑኝ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ለልጅ የነገራችሁት አንድ ለስላሳ ውሸት አይጠፋም። ዛሬ ልጁን ጥሩትና «ዋሽቼሃለሁ» በሉት። «ግን» አትበሉ። አታስረዱ። እስከ አስር ቁጠሩና መጀመሪያ እሱ ይናገር።